ስሙን የተናገረው ሰው

ከማታውቁት ሰው ጋር ስትተዋወቁ ምን ምን ትናገራላችሁ? ስማችሁን፣ አገራችሁን፣ ሥራችሁን፣ ጨዋታው ሞቅ ካለም ትርፍ ጊዜያችሁን በምን እንደምታሳልፉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዛሬ ግን ሰው "ተዋወቂው" ሲለኝ የዘረጋሁትን እጄን እሰበስባለሁ። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ትዕግስት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ቢቸና ስመደብ ከሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ "የማን ልጅ ነሽ?" "የላምቤቦ" እላለሁ። "የት ያለው ላምቤቦ?" ይሉኛል፣ አባቴን የቆላውንም የደጋውንም ዘመድ ቆጥረው ሊያገኙት እየሞከሩ። መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጨኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፤ ጎጃም ውስጥ እንግዳን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። ዝም ካሉህ ንቀውሃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢጠይቀኝ እንደ አክብሮት እቆጥረው ጀመር፤ ጭራሽ ያልጠየቀኝን ሰው መቀየም ሁሉ ለመድኩ።

የተከራየሁት ቤት ጀርባ አንዲት ክንድ የምታህል ባዶ መሬት ነበረች። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ትምህርት ቤትም ይዘጋል፣ እኔም ቤት እውላለሁ፤ ጎመን ተከልኩባት፣ ከዚያ አበባ። ተዘግቶ የከረመው የስልክ ዳታ በተለቀቀ ሰሞን አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ቴሌግራም ላይ "ጓሮአችን" የሚባል ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ችግኝ የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነው፤ ከደጀን እስከ ሞጣ መንገዱን ተከትለው ተበትነዋል። የመሠረተችው እትዬ ዘሃራ ናት፤ ሞጣ ውስጥ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ ጨርቅ የሚሸጥ ቤተሰብ ልጅ። ሕጓ አንድ ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ ስሙን፣ ከተማውን፣ ሥራውንና የሚያበቅለውን በድምፁ ቀድቶ ይልካል። "ፎቶ ይሸነግላል፤ ድምፅ ግን ሰውዬውን ይዞት ይመጣል" ትላለች።

እነዚያን ድምፆች መስማት እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ደጀን አልጋ ቤት ያላት ሴት "የከባድ መኪና ጢስ የማይገድለው አበባ ካላችሁ ንገሩኝ" ትላለች። የሮብ ገበያ ከተማው ነርስ "ብርዱ ያልገደለውን ሁሉ አበቅላለሁ" ይላል። የእኔው ከተማ ሰው ጋሽ ይበልጣልማ እንደ ቴሌግራም ዘመን ሳይሆን እንደ ቴሌግራፍ ዘመን ነበር የተናገረው፤ "ይበልጣል ነኝ። ቢቸና። መሬት አስተዳደር፣ ባለሙያ። ኮክ። አመሰግናለሁ።" በዚህ ስስቅበት ከርሜ በኋላ ስንተዋወቅ ጥሩውን ኮክ ካገሩ ኮክ ጋር እያጣበቀ የሚያበቅል፣ ስለ ኮክ ከተጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የሌለው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ጓደኛሞች ሆንን።

አንድ ቀን ደግሞ ሞላ መጣ። "ሞላ እባላለሁ። ጉንደ ወይን ዳር ነኝ። ወፍጮ ቤት ነበረችኝ፤ መብራቱ ሲጠፋ እሷም ጠፋች። አሁን እንዲሁ ነኝ። ጽጌረዳ እወዳለሁ።" ድምፁ ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ ልጅ የሚያስተኛ አባት ድምፅ ነው። በየመካከሉ ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ የሚቀጥለውን ቃል ከሩቅ የሚያመጣው ይመስላል። "እንዲሁ ነኝ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሰው አንዳንዴ እንዲሁ ይሆናል።

ነጭ ጽጌረዳ አጥቼ ስጮህ በርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቁራጭ በሚኒባስ የላከልኝ እሱ ነው። "ይጽደቅልሽ፣ እታለም" አለኝ በድምፅ። ጸደቀ። አበባው ሲፈነዳ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤ "እሰይ፣ ምስኪን፣ በቀለች" አለ። ፊቱን ግን ማናችንም አይተነው አናውቅም።

ሞላ ጠያቂ ነበር። "ጋሽ ይበልጣል፣ ዛሬ ቢሮ ገብተህ ዋልክ? እናንተ ቢሮ ለመስክ የምትወጡት መቼ መቼ ነው?" "እታለም፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ? ማን ማን መጣ?" ይህንን ሁሉ ስንመልስ፣ ከኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ "ምን አገባው?" አላለም። እኔን ጨምሮ። ጨዋ ሰው ይጠይቃል ተብለናላ።

ሌላም ልማድ ነበረን። በዚያ ሰሞን መንገድ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መንገዱ የኔ ነው ይላል። ስለዚህ ከመንቀሳቀሳችን በፊት ግሩፑ ላይ "መንገዱ ሰላም ነው?" ብለን እንጠይቃለን፤ በየከተማው ያለው ሰው ይመልሳል። የጉንደ ወይንን የሚመልሰው ሞላ ነው። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። "ዛሬ አትውጡ" ካለ ያን ቀን ተኩስ ይሰማል። "ሰላም ነው፤ ኑ" ካለ ሰላም ነው። እንዴት እንደሚያውቅ አላሰብንበትም።

እትዬ ዘሃራ "በስልክ ብቻ እስከ መቼ? ቅዳሜ ሞጣ እኔ ቤት እንገናኝ፤ ችግኝ እንለዋወጥ" ብላ ጠራችን። ዓርብ ምሽት ጋሽ ይበልጣል መንገዱን ጠየቀ። ሞላ መለሰ፤ "ሰላም ነው፤ ኑ። ማን ማን ናችሁ?" ጋሽ ይበልጣልም፣ ያ በቃል ስስታም የነበረው ሰው፣ ኮክ ሊያስጎበኝ ነውና ደስ ብሎት ጻፈ፤ "እኔና መምህርት ትዕግስት። በጠዋቱ ሚኒባስ። የኮክ ችግኝ በሳፋ ይዣለሁ፤ አንተም ና።" ሞላ "ይቅናችሁ" አለ።

ጠዋት መናኸሪያ ስንገናኝ ጋሽ ይበልጣል አሮጌ ጋቢ ደርቦ፣ ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛ መንገድ ሲወጣ መታወቂያውን እቤት ጥሎ ገበሬ ወይ ነጋዴ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መንገድ ላይ የቢሮ ሰው ይፈለጋልና።

"ዛሬ ምንድን ነህ?" አልኩት።

"እህል ነጋዴ። ምን፣ አልመስልም?"

"ጋቢው ያስመስልሃል። መነጽርህን ብታወልቅ።"

አውልቆ ኪሱ ከተተው። "ሞላ ሰላም ነው ብሏል፤ ምን ያስፈራሻል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ብሎ ሳቀ።

እሱ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። እኔ ሳፋውን ይዤ ኋላ ተጨናንቄ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ ጎልማሳ፣ ጸጥ ያለ ሰው ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳፋው ጉልበቴን እንደጎዳኝ አይቶ "እኔ ልያዘው" አለና ወስዶ ጭኑ ላይ አደረገው።

"ምንድን ነው?" አለ ቆይቶ።

"ኮክ ነው።"

"ልጄ ኮክ ነፍሷ ነው" አለ። ይኸው ነው። እሱም ስሜን አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። በዚያ መንገድ ላይ ከጎንህ ያለውን ሰው ስም አትጠይቅም። ስልክ ላይ ለማላውቀው ሰው ታሪኬን የዘረገፍኩ ሴት፣ ችግኜን ለታቀፈልኝ ሰው ስሜን አልነገርኩትም።

ጉንደ ወይንን አለፍን። ጥቂት እንደሄድን ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ "ከፊት የሚመጣ መኪና የለምሳ" አለች።  እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። እርሻው ላይ ሰው የለም፤ ጥንድ በሬ ብቻ ቀንበር እንደተጫነባቸው ቆመዋል፣ አራሻቸው የለም። 

ባሕር ዛፉ ውስጥ መታጠፊያው ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ፊታቸውን በፎጣ የጠቀለሉ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ወጡ።

"ውረዱ። በሰልፍ።"

ወረድን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳፋውን እንደታቀፈ ወረደ፤ የት ያስቀምጠው? መንገዱ ዳር ተደረደርን። ስልክም ብርም አልነኩም። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። አለቃቸው የሚመስለው፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ክላሹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊታችን ቆመ።

"በየተራ ራሳችሁን አስተዋውቁ። ስም፣ አገር፣ ሥራ። የዋሸ እንደሆነ አለቀለት።"

ዶሮ የያዘችው ሴትዮ ጀመረች። ቀጥሎ ሽማግሌ። ቀጥሎ ሁለት ወጣቶች፤ ሁለቱም ገበሬ ነን አሉ። ጋሽ ይበልጣል ጋ ደረሰ።

"ይበልጣል እባላለሁ። እህል ነጋዴ ነኝ" አለ፣ ድምፁ ሊሰማ በማይችል መጠን ወርዶ።

ከኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ግንድ አጠገብ፣ እስካሁን ምንም ሳይናገር የቆመ አንድ ሌላ ሰው ነበር። ወፈር ያለ፣ ፊቱን በአረንጓዴ ፎጣ የጠቀለለ። ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

"ድምፅህን ከፍ አድርገህ ድገመው፣ እንደው በሞቴ" አለ።

 ያን ድምፅ ምድር ላይ ከየትም ብሰማው አውቀዋለሁ። "ይጽደቅልሽ፣ እታለም" ያለኝ ድምፅ ነው። ሞላ ነው።

ጋሽ ይበልጣል ደገመው። ጆሮውን አየሁት፤ ደም ሸሽቶት ነጭ ሆኗል። እሱም አውቋል። ሞላ ደግሞ ከኛ በፊት አውቋል፤ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ሲጠብቀን ነው ያደረው። መሬት አስተዳደር መሆኑን ያውቃል፣ ቢሮ የሚገባበትን ቀን ያውቃል፣ ከማን ጋር እንደሚመጣ ያውቃል። ሁሉንም እኛው ነን የነገርነው። አለቅየው ዘወር ብሎ አየው። ሞላ ግን ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ "ይጨርሱ" አለ።

ተራዬ እየመጣ ነው። አጠገቤ ያለው ቡናማ ኮት ሰው ስሙን ተናገረ፣ አገሩን ተናገረ፣ ሥራውን ተናገረ። እኔ ግን ዓይኔም ጆሮዬም አረንጓዴው ፎጣ ላይ ነበር። ዝም ብል? ዲዳ ነኝ ብዬ በእጄ ባሳይ? አፌን ስከፍት ያውቀኛል። ካወቀኝ ምን ያደርገኛል? ጋሽ ይበልጣልንስ?

"አንቺስ?" አለ አለቅየው።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። መዋሸት ስላልቻልኩ ይሆናል፤ ያኔ ግሩፑ ውስጥ ስገባ የተናገርኩትን ቃል በቃል ደገምኩት።

"ትዕግስት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ቢቸና አስተምራለሁ። ትርፍ ጊዜዬን ጓሮዬን እንከባከባለሁ።" ከዚያ ያኔ ያልነበረበትን ጨመርኩበት። "ነጭ ጽጌረዳ አለኝ። ቁራጩን የላከልኝ የዚህ አገር ሰው ነው። ፊቱን አላውቀውም። ጸድቆልኛል።"

አለቅየው "ማን ስለ ጽጌረዳ ጠየቀሽ?" አለ።  የሞላ ፎጣ በአፉ በኩል ሲሳብና ሲነፋ አያለሁ።

"እሺ" አለ አለቅየው ወደሱ ዞሮ። "የመሬት አስተዳደሩ ሰውዬ የቱ ነው? ስሙን አልነገርከኝም፤ ችግኝ በሳፋ ይዞ ይመጣል አላልከኝም?"

አለቅየው መልስ ሳይጠብቅ ዓይኑን በሰልፉ ላይ አዙሮ ሳፋው ላይ አቆመው። ቀረበ።

"ይኼ ያንተ ነው?"

"የኔ አይደለም" አለ ባለ ቡናማ ኮቱ።

"የማነው?"

ሰውዬው የማን እንደሆነ ያውቃል። ከእጄ ነው የወሰደው፤ ጋሽ ይበልጣል ከፊት ወንበር እየዞረ "አደራ፣ ቅጠሉ እንዳይታጠፍ" ሲለኝም ሰምቷል። ወደ እኔ አላየም። ወደ ጋሽ ይበልጣልም አላየም። ኮኩን እያየ "እንጃ፤ መኪናው ውስጥ ነበር" አለ።

"እሱ ነው?" አለቅየው ጠየቀ።

ሞላ ያን ረጅም ትንፋሹን ሳበ። "እሱ ነው" አለ።

የጋሽ ይበልጣል ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። የኔ ከንፈር ደግሞ አልተንቀሳቀሰም። ሆነ፣ ምን ላድርግ።

ሰውዬው አልጮኸም፣ አልለመነም። ሳፋውን ቅጠሉ እንዳይታጠፍ ቀስ አድርጎ ክንዴ ላይ አኖረውና "ያዥው" አለኝ። ከታጣቂዎቹ ሁለቱ ክንዱን ይዘው በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ገደል አፋፍ በሚያደርስ ዱካ ወሰዱት። ቡናማ ኮቱ ግንድ ለግንድ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፣ ከዚያ ጠፋ።

"ግቡ። ሂዱ" ተባልን። ስገባ ሞላ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ "ይጽደቅልሽ፣ እታለም" አለኝ።

መኪናው ወደ ሞጣ ነጎደ። ዶሮ ያቀፈችው ሴትዮ ማልቀስ ስትጀምር ሽማግሌው "ዝም በይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አሏት። ጋሽ ይበልጣል ሰውዬው ትቶት በሄደው ቦታ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ከተማዋ ስትታይ "ድምፁን ሰማሽው?" አለኝ። "ሰማሁት" አልኩት። በዚያው ቀረን።

እትዬ ዘሃራ ቤት ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ችግኙ በረንዳው ላይ ተደርድሮ፣ ሰዎች በድምፅ ሲተዋወቁ የኖሩትን ፊት ለፊት እያዩ "ውይ አንተ ነህ እንዴ!" እየተባባሉ ይስቃሉ። እኛ ስንገባ ሳቁ ቆመ። ነገርናቸው። እትዬ ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለች። "ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አደረግሽ፣ እትዬ" አላት ጋሽ ይበልጣል። "እኔ ነኝ የምሄድ። እመለሳለሁ፣ የምትፈልጉት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ" ብሎ ተነሳ። ወንዶቹ ይዘው አስቀመጡት። ብትሄድ ሁለት ሰው ነው የሚጠፋው አሉት። እውነታቸውን ነው። እሱም በልቡ እንዲይዙት ፈልጎ ይሆናል፤ አልፈርድበትም፤ እኔ ለመነሳት እንኳ አልሞከርኩም።

በዚያው ቅጽበት የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። ግሩፑ ነው። ሞላ ነው። የጽሑፍ መልእክት።

"ሰላም ገባችሁ?"

ያ ሁሉ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ካልመለስን ለሁሉም እንደነገርናቸው ያውቃል። ሥራችንን፣ ቤታችንን፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ከነስሙ ያውቃል። መጨረሻ ላይ እትዬ ዘሃራ "አልሐምዱሊላህ፣ ገብተዋል" ብላ ጻፈች። ሞላ የአበባ ምልክት ላከ።

በሳምንቱ የሁላችንንም የድምፅ መተዋወቂያ አንድ በአንድ አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው? የሰማ ሰምቷል። ሞላ እስከ ዛሬ ግሩፑ ውስጥ አለ። አንጠይቀውም፣ አናስወጣውም፤ ማን ደፍሮ። አንዳንዴ ስሙ አጠገብ ያለው ምልክት ሲበራ አያለሁ፤ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ለምን ማረን? ጽጌረዳዋ አራርታው ነው? የጋሽ ይበልጣልን ኮክ ወዶት ነው? ወይስ ድምፁን እንዳወቅኩት ገብቶት እጁን ሊሰበስብ ፈልጎ? ብዙ አሰብኩበት። አንዱን ብቻ ነው የማውቀው፤ እኛን ያዳነን ስለሚያውቀን ነው፤ ያን ሰው አሳልፎ የሰጠው ደግሞ ስለማያውቀው ነው። ወጥመድ ላጠመደብንም ላተረፈንም መንገድ የጠረግነው በዚያው መተዋወቃችን ነበር። ይህን ሳስብ ማመስገን ይሁን መርገም ያለብኝ ይጠፋኛል።

ከጋሽ ይበልጣል ጋር ደብረ ወርቅ ሄደን ጠይቀናል። "ቡናማ ኮት የለበሰ፣ ኮክ የምትወድ ልጅ ያለችው" ስንል ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰው የጠፋበት ቤት በዚህ ጊዜ አይናገርም፤ ጠያቂውን ደግሞ ማን ያምናል? እኛም ብንሆን ዛሬ አናምንም። ጋሽ ይበልጣል ዝውውር ጠይቆ ቢሮ ቀይሯል፤ ኮክ ማጣበቁንም ትቷል። ከሳፋው አንዷን ችግኝ እኔ ጓሮ ተክሎ "አንቺው ያዥያት" ብሎኝ ሄደ። ዘንድሮ አበባ አውጥታለች። ነጯን ጽጌረዳ ልነቅላት መቆፈሪያ ይዤ ስንቴ ወጣሁ፤ አልቻልኩም።

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሁላችንንም ስም ቀይሬያለሁ፤ የኔንም ጭምር። የአንዱን ብቻ አልቀየርኩም፤ አላውቀውማ። ተናግሮት ነበር። ከጎኔ ቆሞ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውን ተናግሯል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት የምሰማው የሌላ ሰው ትንፋሽ ነበር። ከእናንተ መካከል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሞጣ ብሎ ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ኮክ የምትወድ ልጅ ያለችው ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንደምትኖሩና ማን እንደሆናችሁ አትንገሩኝ። ስሙን ብቻ ንገሩኝ።